የቁሐር ወፍ

ቢታንያ ሰው ከመግደሏ በፊት ቦታ ትመርጣለች። መጀመሪያ ቦታው፣ ቀጥሎ ሬሳው፤ ገዳዩ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። በሃያ አራት ዓመቷ የጻፈችው የመጀመሪያ የወንጀል ልብ ወለድ የተወለደው ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ካየችው የታሸገ በር ነው። ሁለተኛው ከአንድ ባዶ መጋዘን ወጣ። ሦስተኛው ሲታተም አዟሪዎች በክንዳቸው ደርድረው ታክሲ ተራ ለታክሲ ተራ ይዘውት ዞሩ፤ ያን ጊዜ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጠርቶ ድራማ ጻፊልን አላት። ጻፈች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሰዎች ጽሑፏን ሲያበላሹት ተቀምጣ ተመለከተች። ከዚያ “ካልቀረ ራሴ ላበላሸው” ብላ የራሷን ድርጅት አቋቋመች። ጽሑፉም፣ ቀረጻውም፣ ተዋናይ መረጣውም በእጇ ገባ። ዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በመጽሐፍና በቴሌቪዥን አርባ አንድ ሰው ገድላለች፤ ለአንዳቸውም ስታዝን ያየ የለም።

አርባ አንደኛው ሬሳ የተገኘው ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ለአዲሱ ተከታታይ ድራማ የቀረጻ ቦታ ፍለጋ ወረታ ወርዳ ነበር። የኔነህ የሚባል ባለባጃጅ ሦስት ቀን ሜዳውን አዟዟራት። በሦስተኛው ቀን ቁሐር ሚካኤል ሲደርሱ ከዳር እስከ ዳር የበሰለ ሩዝ የሞላበት ማሳ አየች። አንድ ጥጉ ብቻ፣ ሁለት ላም የማያስተኛ ቦታ፣ ሣር ነው።

“ይሄን ጥግ ለምን አላረሱትም?”

“የንብረት ማሳ ነው። እሱን ጥግ አያርሰውም።”

“ለምን?”

“እኔ ምን አውቄ? የምነዳው ባጃጅ ነው እንጂ በሬ አይደለ።”

ወረታ ሳይደርሱ ሬሳውን ጥጉ ውስጥ አስገባችው። ታሪኩ ቀላል ነበር፤ አንድ ገበሬ በክረምት ማለዳ ውሃ ሊመልስ የወጣ ጎረቤቱን ገድሎ ማሳው ጥግ ይቀብረዋል። አገር ጎርፍ ወሰደው ብሎ ያለቅሳል። ገዳዩ ግን ከዚያ ወዲያ ጥጉን ማረስ ይሳነዋል፤ መርማሪዋም የምትይዘው በዚሁ ነው።

ሰኔ ማለቂያ ላይ እዚያው ማሳ ላይ ቀረጹት። ከአዲስ አበባ የመጣው ተዋናይ እርፉን ሲጨብጥ በሬዎቹ ዞረው አዩት። ግማሽ ቀን ከሞከሩ በኋላ ቢታንያ ትዕግሥቷ አለቀ፤ የተዋናዩን ካፖርት ለባለ ማሳው ለንብረት አለበሰችውና ከኋላው ቀረጸችው። ፊቱ የተዋናዩ፣ ጀርባውና እጁ የንብረት ሆነ። በማግሥቱ ማለዳ ሜዳው ላይ ሳይታሰብ ጉም ተኛ። የካሜራ ባለሙያው ለምነንም አናገኘውም ብሎ ግድያውን ጉሙ ውስጥ ቀረጸው። ድራማው ጥቅምት ላይ ተላለፈ። ተመልካች ወደደው፤ ቢታንያም የሚቀጥለውን መጻፍ ጀመረች።

ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት ስልኳ ጮኸ።

“ቢታንያ ነሽ?” አለች አንዲት ሴት። “ባየች ነኝ፤ የንብረት ሚስት። ምሳ ያበላኋችሁ።”

“አወቅኩሽ። ደህና ናችሁ?”

“ስለ ደሞዝ ማን ነገረሽ?”

“ደሞዝ ማነው?”

“እኔን እንኳ ምን ትደብቂኛለሽ” አለች ባየች።

ደሞዝ የቁሐር ሰው ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በክረምት፣ ጉም በወደቀበት ማለዳ፣ ውሃ ልመልስ ብሎ ዶማውን ይዞ ወጣ፤ አልተመለሰም። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን የዋጠበት ሳምንት ስለነበር ጎርፍ ወስዶ ጣና ከቶታል ተባለ። ያለ ሬሳ ተለቀሰለት። አሁን ደግሞ አገር ሁሉ ወረታ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ባለው ሰው ቤት፣ በየስልኩ፣ የንብረት ጀርባ በንብረት ማሳ ላይ ሰው ሲቀብር አየ።

“ተዋናይ ነው እኮ” አለች ቢታንያ። “ፊቱ ሌላ ሰው ነው።”

“ፊቱን ማን ይመለከታል? ጀርባውን አገር ያውቀዋል። የራሴ ልጆች ‘አባዬ ነው’ አሉ።” ባየች ድምጿን ዝቅ አደረገች። “እሑድ አውጫጭኝ ተጠርቷል። እንድትመጭልኝ ነው የደወልኩ።”

ቢታንያ አውጫጭኝ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ሃያ ገጽ ወረቀት ጽፋበት ጥሩ ውጤት አግኝታለች። ወንጀሉ ሲሰወር አገር አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ የሰማ ሰው ስሙ ሳይገለጥ ለሽማግሌ በጆሮው ይነግራል፤ ሽማግሌውም “ወፍ ነገረችኝ” ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ነውር ነው። ወረቀቷን የደመደመችው ልማዱ ጠፍቷል ብላ ነበር።

“ቢፈረድበት ምን ያደርጉታል?”

“ከእሳት ከውሃ ይለዩታል። እሳት የሚጭርለት፣ ከብት የሚቀላቅልለት፣ ለቅሶ የሚደርሰው የለም። ቢሞት የምቆፍርለት እኔ ነኝ። ደሞ በዚያ አይቆምም፤ የደሞዝ ወንድሞች አሉ።”

ቢታንያ ለሰው ቶሎ የምታዝን ሴት አይደለችም። ሰዎች ፈጠራዋን እውነት ነው ብለው ሲያምኑ በመጀመሪያ የተሰማት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኩራት ነው። ግን እስከ ዛሬ የፈረደችባቸው ሰዎች ሁሉ ወረቀት ነበሩ፤ ይኸኛው ሚስት አለው፣ ምሳውንም በልታለች። ቅዳሜ ባሕር ዳር በረረች፤ ማታውን ወረታ ገባች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔነህ ሆቴሉ በር ላይ ጠበቃት። በዓመቱ አልከሳም አልወፈረም፤ ወሬውም ያው ነው።

“ምነው ጠቆርሽሳ አንች? አዲስ አበባ ፀሐይ መውጣት ጀመረ እንዴ?”

“ንዳ።”

“እሺ አለቃ። ለካስ ቁጣሽም ደህና ነው።”

ወደ ቁሐር የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ሩዝ ነው፤ አጭዶ የጨረሰ አለ፣ ያልጀመረም አለ። የኔነህ እየነዳ አወራላት። ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎች ባሉበት የንብረት ማሳ ጥግ ተቆፍሯል። አንድ ሰው ቁመት ወርደው ከውሃ በቀር ምንም አላገኙም።

“ታዲያ ነፃ ወጣ ማለት ነው” አለች ቢታንያ።

“ኧረ ባሰበት። ሬሳውን አዛውሮታል አሉ።”

“ማስረጃ ሳይኖራቸው?”

“ማስረጃማ አላቸው።”

“ምን?”

“አንች ነሻ” አለ የኔነህ። ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። “ወፍ ናት ይሉሻል። በአራት ዓመት አንድ ወፍ ጠፍታ፣ ስትመጣ ከነቴሌቪዥኗ መጣች ነው ቀልዱ።” ከዚያ ጨመረ፤ “እዚያ ስትደርሽ ግን ዝም ብለሽ ሰው ሰው አትይ። ዓይንሽን መሬት አድርጊው።”

“ለምን?”

“ነገሩ እንዲያ ነዋ። ወፍ ዝም ብላ አታይም ይላሉ።”

ቢታንያ ተበሳጨች። ዓይንን መሬት ማድረግ ከልጅነቷ ጀምሮ የማይሆንላት ነገር ነው።

ባጃጇ የማታልፍበት ቦታ ሲደርሱ ወርደው በማሳ ድንበር ላይ በእግር ሄዱ። ጉባኤው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ ነው። አንድ መቶ አርባ የሚሆኑ ወንዶች ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶች ራቅ ብለው ቆመዋል። ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ የሚሰማው ከብት ሣር ሲነጭ ብቻ ነው። ቢታንያ ስትቀርብ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። አርባ አንድ ሰው የገደለችበት ሥራዋ ሕዝብ እንዲያፈጥባት አስለምዷታል፤ አለመታየት ግን አዲስ ሆነባት።

ንብረት ከሰው ተነጥሎ ለብቻው ተቀምጧል። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

“አንድ ነገር ንገረኝ” አለችው። “ያን ጥግ ለምንድን ነው የማታርሰው?”

“በሬዎቹ አይገቡበትም።”

“ይሄው ነው?”

“ለአባቴም አይገቡለት ነበር። እኔም ገርፌ ሞከርሁ፤ ቀንበር ይሰብራሉ እንጂ አይገቡም።” ንብረት እጁን ተመለከተ። “ይሄን ብነግራቸው የሚበጀኝ ይመስልሻል?”

የሚበጀው አልመሰላትም። ተነሥታ ወደ አባ ቻላቸው ሄደች። አባ ቻላቸው የጉባኤው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል ይባላል፤ ጉልበታቸው ላይ በትር አጋድመው ተቀምጠዋል። ስትጠጋቸው ፊታቸውን ወደ ሜዳው መልሰው ጆሯቸውን ሰጧት።

“አባ፣ የጻፍኩት ሁሉ ፈጠራ ነው።”

“ይሁን ልጀ።”

“ደሞዝን አላውቀውም። ማንም አልነገረኝም።”

“ማን ነገረሽ ብዬ ጠየቅሁሽ? ወፍ ከማን ሰማሽ አትባልም። ክልክል ነው።”

“አልሰማሁም ነው የምልዎ።”

“ወፍ ሁሉ አልሰማሁም ነው የሚል” አሉ አባ ቻላቸው፤ ድምፃቸው የደግ አያት ድምፅ ነው። “ሰማሁ እያለ የሚሮጠውን ነው እኛ የማናምን።”

ቢታንያ በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመት ስትቆይ እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ገጥሟት አያውቅም። ብትክድ ወፍ ናት፤ ብታምን ወፍ ናት። ከደራሲነቷ አንድ ነገር ብቻ ቀራት፤ ሰውየውን ራሷ እንደከሰሰችው ራሷ ታንሣው።

“ንብረት አይደለም ብልዎስ?”

አባ ቻላቸው አሰቡ። “ወፍ ያለችውን ወፍ ታፈርሳለች። ግን ለእኔ አይበቃም። ከፊታቸው ቆመሽ ንገሪያቸው።”

ቆመች። ጉሮሮዋን ጠራረገችና ለአንድ መቶ አርባው ገበሬ ድራማ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ጀመረች። ያን ጥግ በመንገድ ስታልፍ እንዳየችው፣ ሬሳውን ባጃጅ ላይ ተቀምጣ እንደፈጠረችው፣ ጉሙ በአጋጣሚ እንደመጣ፣ ተዋናዩ ማረስ ስላልቻለ ንብረት ካፖርት እንደለበሰለት ተናገረች። በደንብ ተናገረች፤ አዳራሽ ቢሆን ይጨበጨብላት ነበር። እዚህ ግን አንድ ሰው እንኳ አልሳለም። ስትቀርብ መሬት መሬት ያዩ የነበሩት ሰዎች ሁሉ አሁን ቀና ብለው ያዩዋታል፤ የሚያዩት አፏን አልነበረም።

ይህን ልብ አላለችም። አፏ ሲናገር ዓይኗ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ዓይኗ ፊት ይመርጣል፤ በለቅሶ ቤትም፣ በሠርግም፣ በቀበሌ ወረፋም እንዲያ ነው። ለሚቀጥለው ድራማ ለአንድ ዳኛ የሚሆን ፊት ሦስት ወር ፈልጋ አጥታለች። አራተኛው ረድፍ ላይ አገኘችው። አምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጉንጩ የሰረጎደ፣ የዓይኑ ቆብ የከበደ ሰው ነው። ይሄ ነው፣ አለች በሆዷ። ንግግሯን ሳታቋርጥ ዓይኗን ወደ ሌላው መለሰች፤ እንደገና ወደ ሰውየው ሄደ። ከጎን ቢያነሡት እንዴት ይሆናል ብላ አሰበች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ በሰውየው ቀኝና ግራ የተቀመጡት ሰዎች ቦታ ለቀው ነበር።

ቢታንያ ንግግሯን አቆመች።

“ክንዴ” አሉ አባ ቻላቸው፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። “ተነሣ።”

“አይ አባ፤ እኔ እኮ ፊቱን ወድጄው ነው።” ያለችውን ጆሮዋ ሰማው፤ ሊታረም የማይችል ነገር ነው። “ለድራማ ነው። ለሥራ። ሰውየውን አላውቀውም።”

ክንዴ የሚባለው ሰው ቀስ ብሎ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ሽማግሌውን አላየም፤ ያየው እሷን ነው፤ ጥያቄውም የእውነት ጥያቄ ነበር።

“ጉም ነበር” አላት። “የያዝሁትን ዶማ እንኳ አላየሁትም። አንች የት ቆመሽ አየሽኝ?”

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ቁጭ ስትል ተሰማ።

“ውሃውን ዘጋብኝ” አለ ክንዴ፤ አሁን ለጉባኤው ነው የሚናገረው። “ሦስት ጊዜ ለምኜዋለሁ። አልመታሁትም፤ ገፋሁት። ርብ ወሰደው። በማግሥቱ ታንኳ ይዤ ፍለጋ የወጣሁት እኔ ነኝ። አራት ቀን ቀዘፍሁ። እንዳላገኘው እየጸለይሁ።”

እንዲህ ያለ ትዕይንት ረዳቶቿ ጽፈው ቢያመጡላት ቢታንያ በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዘው ነበር። ገዳይ ያለ ማስረጃ፣ ያለ ምርመራ፣ አንዲት ሴት አየችኝ ብሎ አያምንም። ተመልካች አይቀበለውም። እዚህ ግን ሁሉም ተቀብሎታል። ሁለት ሽማግሌዎች ክንዴን መሃል አድርገው ለፖሊስ ሊያስረክቡት በወረታ መንገድ ይዘውት ሄዱ። የደሞዝ ወንድሞች ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው በተቀመጡበት ቀሩ።

“አባ” አለች፤ “የተናገርኩትን ሰምተዋል?”

“የምኑን ንግግር ልጀ?” አሉ አባ ቻላቸው፤ አሁንም ፊታቸው ወደ ሜዳው ነው። “ወፍ አፍ የላትም።”

ንብረት መጣ። ነፃ ሰው ነው። አራት ክንድ ያህል ቀርቶት ቆመ፤ “እግዜር ይስጥሽ” አለ፤ ዓይኑን ከጫማዋ አላነሣም። ባየች ከኋላው እርጎ በቅል ይዛ መጥታ ነበር። ቅሏን ቢታንያ እግር ሥር ሣሩ ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላ ሄደች። በሌላኛው እጇ ቀሚሷን የያዘውን ልጇን ፊት ሸፍናለች።

“ባየች፤ የመጣሁት ለአንቺ ብዬ ነው” አለቻት።

“አውቃለሁ” አለች ባየች። የልጁን ፊት ግን አለቀቀችውም።

እርጎው ሣሩ ላይ ቀረ። ቢታንያ በመጣችበት የማሳ ድንበር ተመለሰች፤ የኔነህ ከኋላዋ እንጂ ከጎኗ አልሄደም። ባጃጇ ጋ ሲደርሱ የኋላውን መጋረጃ ገለጠላት።

“ይግቡ” አለ።

“ይግቡ? ጠዋት ጠቆርሽ ስትለኝ አልነበር?”

“ጠዋት ጠዋት ነው።”

ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት እጁን ዘርግቶ ከፊቱ ያለውን መስታወት ወደ ጣሪያው ገለበጠው። ከዚያ ነዳ። ከጉባኤው የሚመለሱ ሰዎች መንገዱ ዳር ሲገጥሟቸው ባጃጇ እስክታልፍ ወደ ሩዙ ይዞራሉ።

“የኔነህ፣ እኔ ምንም አላየሁም” አለች።

“እሺ።”

“ፊት እየመረጥኩ ነበር። ሥራዬ ነው። ሰው ባለበት ሁሉ አንድ ሰው እመርጣለሁ፤ ማንም ሊሆን ይችል ነበር። ገባህ?”

“ገባኝ እመቤቴ” አለ የኔነህ። ትንሽ ከነዳ በኋላ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣ “እኔን ግን አይምረጡኝ” አለ።

ቢታንያ ልትስቅ ነበር። አልሳቀችም። የኔነህ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብስቧል፤ መሪውን የጨበጡት እጆቹ ጅማታቸው ተገታትሯል፤ ከጆሮው ሥር እስከ ሸሚዙ ኮሌታ ድረስ ላብ ይወርዳል። ኅዳር ነው፤ ሜዳው ላይ ነፋስ አለ፤ የሚያልብ ቀን አይደለም።

ምን አድርጎ ይሆን? አለች በሆዷ።

ወረታ እስኪገቡ ድረስ ዓይኗን ከአንገቱ ላይ አላነሣችም።